ለስንት ቀን ነው ስንቁ?

ሐሙስ ጠዋት ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ካለችው ጸጉር ቤት ቁጭ ብለን የኤርትራን የአሰብ ወደብ ይዘን ተመለስን። ሦስት ቀን ፈጀብን። ቀኑን የቆረጠው ጸጉር አስተካካዬ ነው፤ ቶንዶሱ ማጅራቴ ላይ ስለነበር አልተከራከርኩትም።

ጥቅምት 2016 ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቴሌቪዥን ቀይ ባሕርን ካነሡ ወዲህ በሠፈራችን ቀን ቆራጩ በዝቷል። የባሕር በር ጥያቄውን አልጠላም፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሰው ወደብ ሲንጠለጠል ማን ይወዳል? የሚያንገበግበኝ ቆጠራው ነው። የስንቅ አባዜ አለብኝና ታገሡኝ።

በ1990 ባድመ በኤርትራ ጦር ስትያዝ እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር ለሠራዊቱ በሶ ስታስፈጭ፣ ዳቦ ቆሎ ስትቆላ ሰነበተች። መዋጮ ሊሰበስብ የመጣውን የቀበሌ ልጅ «ልጄ፣ ለስንት ቀን ነው ስንቁ?» አለችው። ሳቀ። «እማማ፣ ይኼ ሳያልቅ ይመለሳሉ።» ጦርነቱ ሁለት ዓመት ፈጀ፤ ሰው በአሥር ሺዎች አለቀ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 የሰላም ስምምነቱ አልጀርስ ላይ ተፈረመ፤ በ1994 የድንበር ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ወሰነላት። ጦርነቱ ሲጀመር ባድመን በካርታ ላይ የሚያሳየኝ ሰው ከሠፈራችን አላገኘሁም። ለምን እንደምንዘምት ግን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ተደፍረናል። እሱንስ አልክድም።

«ዓድዋስ?» የሚሉኝ አይጠፉም። ምኒልክ የውጫሌን ውል ሚያዝያ 1881 ተዋውለው፣ የካቲት 1885 ሰርዘው፣ ክተት ያሉት መስከረም 1888 ነው። በመካከሉ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ አገሩን ፈጅቶታል፤ እሳቸው ጠመንጃ ይሸምታሉ። ያን ያህል ተዘጋጅተው እንኳ ዓድዋ ላይ ስንቁ ተሟጦ፣ የጣልያኑ ጄኔራል ባራቲየሪ ጥቂት ቀን ቢታገሥ ኖሮ ድንኳን ነቅለው ሊመለሱ ነበር። የእሱም ስንቅ አልቋል፤ ከሮም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ በቴሌግራም ይነዘንዘዋል። አላስችለው አለና የካቲት 23 መጣ።

ይህን ሁሉ ለጸጉር አስተካካዬ ላወራለት ነበር። ታክሲ ረዳቱ «ባልቻ ወራጅ» የሚለው የዓድዋውን መድፈኛ ስም ጠርቶ መሆኑን፣ ስሙ ዛሬ ሆስፒታል ላይ መሆኑንም ላነሣበት። አፌን ስከፍት መብራት ጠፋ።

ቶንዶሱ ዝም አለ። ግራዬ ተቆርጧል፤ ቀኙ እንዳለ ነው።

«በባትሪ የሚሠራ የለህም?»

«አለ ጋሼ፤ ቻርጅ አላደረግነውም።»

«መቀስስ?»

«ጎረቤት ወስዶታል። አሁን ይመጣል፣ ትንሽ ይታገሡ።»

መቀሱን ይሁን መብራቱን አላብራራም። ኮፍያውን አዋሰኝ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ገና አልመለስኩለትም።