ጄኔሬተር በልክ



ባለፈው እሑድ አንድ ወጣት ዘመዴ ፊቱን ቅጭም አድርጎ ወደ ቤቴ መጣ። ሥራ ከያዘ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ቡና ቀርቦለት ጥቂት ከተጫወትን በኋላ፣ «ጋሼ፣ የመሥሪያ ቤታችን የግዥ ኮሚቴ ጸሐፊ አድርገው መረጡኝ። የሚገዛው ጄኔሬተር ነው። ከአባሎቹ አንዱ 50 ኬቪኤ ይበቃል ይላሉ፤ ሌላው ደግሞ ከ250 በታች አልስማማም ይላሉ። እኔ ቃለ ጉባኤውን ጽፌ መፈረሜ አይቀርም። ምን ይሻለኛል?» አለኝ።

እኔም ሳቅሁ። የሳቅሁት ግን በእርሱ አይደለም፤ በራሴ ነው።

በወጣትነቴ እኔም እንዲሁ የኮሚቴ ጸሐፊ ነበርሁ። ሕንፃው ባለ አምስት ፎቅ ነው። ጉዳዩ ሲቀርብ ሰብሳቢያችን «ትልቅ ነገር ጎድቶ አያውቅም» አሉና 250 ኬቪኤ ይገዛ ተብሎ ተወሰነ። የቆጠረም የለካም አልነበረም። እኔም በማለፊያ የእጅ ጽሕፈት ጻፍሁት፤ ፈረምሁበትም። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ያ ትልቅ ሞተር ከጭስ ማውጫው ጥቁር ዘይት መሰል ፈሳሽ ያንጠባጥብ ጀመር። መካኒኩ ፈታትቶ ካየው በኋላ፣ «ይህ ሞተር የታመመው ሥራ በዝቶበት አይደለም፤ ሥራ አጥቶ ነው» አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የናፍጣ ሞተር ከአቅሙ ሲሶ በታች እየሠራ ብዙ ሰዓት ሲቆይ እንደሚገባው አይግልም። ናፍጣውም ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል ይቀርና ጥቀርሻ ሆኖ በቫልቩና በጭስ ማውጫው ላይ ይጋገራል። ስለዚህ ትልቅ ነገር ይጎዳል፤ ሲገዛ በገንዘብ፣ ሲሠራ በናፍጣ፣ ሲያረጅ በጥገና። ያነሰ እንደ ሆነም ጉዳቱ የባሰ ነው። አሳንሰሩ ሲነሣ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ኮምፒዩተሩ ይጠፋል፣ በመጨረሻም ማቋረጫው ይዘጋና ሰው በሁለት ፎቅ መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ከዋጋ ማቅረቢያው በፊት መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ሕንፃውን ከምድር እስከ ጣራ ዙሩት። የምትጠይቁት ጥያቄ «በሕንፃው ውስጥ ምን ምን አለ?» የሚል ሳይሆን፣ «መብራት ሲጠፋ ምን መቋረጥ የለበትም?» የሚል ይሁን።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአዲስ አበባ ያለ ባለ አምስት ፎቅ መሥሪያ ቤት ነው እንበል። 300 አምፖል እያንዳንዱ 20 ዋት፣ 6 ኪሎዋት ይሆናል። 80 ኮምፒዩተር እያንዳንዱ 150 ዋት፣ 12 ኪሎዋት። የመረጃ ክፍሉ ከነማቀዝቀዣው 6፣ የአሳንሰሩ ሞተር 11፣ የውሃ ፓምፑ 5። ድምሩ 40 ኪሎዋት ነው። በየፎቁ የተሰካውን የሻይ ማፍያና ምድጃ ስንቆጥር ግን ዐሥር ሆኖ ተገኘ፤ እያንዳንዱ 2 ኪሎዋት ይበላል። ይህ ብቻውን 20 ኪሎዋት ነው፤ የአሳንሰሩና የፓምፑ ድምር እንኳ 16 ነው! ሻይ ለአንድ ሰዓት ቢቀር የሚሞት ሰው የለምና የሻይ ማፍያው መስመር ከጄኔሬተሩ ይለይ። በዚህ ብቻ ከ60 ወደ 40 ወረድን።

ሁለተኛው ነገር ኪሎዋትንና ኬቪኤን አለማምታታት ነው። ኬቪኤ ከነጆንያው እንደተመዘነ እህል ነው፤ ኪሎዋት እህሉ ብቻ ነው። በተለመደው ስሌት ከ100 ኬቪኤ ውስጥ የሚገኘው 80 ኪሎዋት ነው። ስለዚህ 40 ኪሎዋታችንን ለ0.8 ብናካፍለው 50 ኬቪኤ ይሆናል። «50 ይበቃል» ያሉት የኮሚቴ አባል እስከዚህ ድረስ አልተሳሳቱም።

የተሳሳቱት የቆምንበትን ምድር በመርሳታቸው ነው። ፋብሪካው በታርጋው ላይ የጻፈው ጉልበት የተለካው ለባሕር ጠረፍ በቀረበ አየር ነው። አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳልና አየር ሲሳሳበት ይደክማል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከመቶ አንድ ያህል ጉልበት ያጣል ተብሎ ይገመታል፤ ቱርቦ ያለው የሚያጣው ያንሳል። ትክክለኛውን ቍጥር ከፋብሪካው ሰንጠረዥ ጠይቁ፤ ለድሬዳዋ የሚበቃው ለደብረ ብርሃን ላይበቃ ይችላልና። የእኛው ሞተር በሰንጠረዡ መሠረት ከመቶ 20 ያጣል ብንል፣ 50 ኬቪኤ ለማግኘት 63 ያህል መግዛት ያስፈልገናል። ለወደፊቱ ሥራ ሩብ ያህል መጠባበቂያ ስንጨምርበት በገበያ ካለው ልክ 80 ኬቪኤ ላይ እንደርሳለን። ሁሉም ነገር አንድ ላይ ሲሠራ እንኳ ሞተሩ ከእውነተኛ አቅሙ ከመቶ 80 አያልፍም፤ ለናፍጣ ሞተር መልካም ልክ ነው። 250 ኬቪኤ ቢገዛ ኖሮ ግን ያው 40 ኪሎዋት ከታርጋው ጉልበት አንድ አምስተኛ ብቻ ይሆን ነበር።

ሦስተኛው ነገር የሞተር አነሣስ ነው። ጭነት የያዘ ጋሪ ከቆመበት ሲነሣ ፈረሱ ምን ያህል እንደሚታገል አይታችኋል፤ መንኰራኵሩ ከተሽከረከረ በኋላ ግን ይቀለዋል። የኤሌክትሪክ ሞተርም በቀጥታ ሲነሣ ለጥቂት ሰኮንዶች ከመደበኛው ስድስት እጥፍና ከዚያም በላይ ይስባል። የ11 ኪሎዋቱ የአሳንሰር ሞተር በመደበኛው 22 አምፔር ገደማ የሚወስድ ሲሆን ሲነሣ 130 ያህል ይጠይቃል። 80 ኬቪኤ ጄኔሬተር ደግሞ በ400 ቮልት የሚሰጠው 115 አምፔር ነው። ታዲያ ለጥቂት ሰኮንዶች ብሎ ትልቅ ጄኔሬተር ከመግዛት፣ ለሞተሩ ስታር ዴልታ የሚባለውን ማስነሻ ማድረግ ይቀላል፤ የሚስበውን ወደ ሲሶው ያወርደዋል። ዘመናዊ አሳንሰሮችም ሞተሩን ቀስ አድርጎ የሚያስነሣ መሣሪያ አላቸው። ፓምፑና አሳንሰሩም በአንድ ጊዜ እንዳይነሡ ተራ ይሰጣቸው።

በታርጋው ላይ ሁለት ቍጥር ብታዩ አትደናገሩ። የሚበልጠው ለድንገተኛ መጥፋት፣ የሚያንሰው ለረዥም ሰዓት ሥራ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ውሃ አንሶ ኤሌክትሪክ በፈረቃ በሆነ ጊዜ ብዙ ጄኔሬተር በየቀኑ ለሰዓታት ሠርቷል። በትልቁ ቍጥር ተማምኖ ለገዛ ሰው እንዲህ ያለ ወራት ክፉ ፈተና ነው። የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲያ «ጄኔሬተር ምን ያደርጋል?» የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን ግድቡ ቢሞላም የሠፈሩ ትራንስፎርመር ይቃጠላል፤ ዝናብና ነፋስም ሽቦ ይበጥሳል።

አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። ጄኔሬተሩ ከዋናው መስመር ጋር የሚገናኘው ሁለቱን አንድ ላይ በማያስገባ ማቀያየሪያ ብቻ ይሁን። አለዚያ ከእናንተ ግቢ የወጣው ኤሌክትሪክ ወደ መንገዱ ሽቦ ይመለስና፣ መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ይገድላል።

ይህን ሁሉ ለዘመዴ ነግሬው ሳበቃ በማስታወሻው ላይ ጽፎ፣ «የአለቃችንን ሻይ ማፍያ ግን እንዴት አድርጌ ከመስመር አወጣዋለሁ?» አለኝ። «እርሱን የሚያስረዳ ሰንጠረዥ ፋብሪካም የለው። አንተ ግን ቍጥሩን ጻፍ» አልሁት።

ለእናንተም የምለው ይኸው ነው። የኮሚቴ ጸሐፊ ስትሆኑ በቃለ ጉባኤው ላይ «ትልቅ ይሻላል» ወይም «ርካሽ ነው» የሚል ቃል ብቻውን አይግባ። ምን ተቈጠረ፣ ምን ተቀነሰ፣ ከፍታው ስንት ተባለ፣ ትልቁ ሞተር እንዴት ይነሣል፣ እነዚህን በየተራ ጻፉና መሐንዲስ ይመርምረው። ከፊርማችሁ በላይ የተጻፈው ቍጥር የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ የሚጠይቃችሁ ቢመጣም ከነምክንያቱ ታሳዩታላችሁ።