ቀለሙን የሚያየው ማን ነው?

አዲስ ቤት ሲገባ ቀለም የሚታሰበው መጨረሻ ላይ፣ ገንዘቡም ትዕግሥቱም ካለቀ በኋላ ነው። ቀለም ቀቢው በር ላይ ቆሞ "ምን ይሁን?" ይላል። ባል ስልኩን አውጥቶ ግራጫ ሳሎን ያሳያል፣ ሚስት ክሬም ትላለች፣ ቀቢው ደግሞ ሰሞኑን ሰው ሁሉ የሚያስቀባውን ይነግራቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው ቀቢው ነው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና አንድ የሙያ ምስጢር ላካፍላችሁ። የሱቅ ካታሎግ ቀለሙን እንድትወዱት ሆኖ የተዘጋጀ ነው። ናሙናው ትንሽ፣ ዙሪያው ነጭ፣ የሱቁ መብራትም ደማቅ ነው። ያው ቀለም ሙሉ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ጠንከር ብሎ ስለሚታይ፣ ከወደዳችሁት አንድ ደረጃ ፈዘዝ ያለውን ያዙ። ከዚያም ትንሽ ብቻ ገዝታችሁ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ቦታ ሁለት እጅ አስቀቡና ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ማታም መብራት አብርታችሁ እዩት። በነጭ አምፖል ያማረው ቀለም በቢጫማ አምፖል ሥር ሌላ ሆኖ ሊያስደነግጣችሁ ይችላል።

ከውጭ መጽሔት የተቀዳ ምክርም እዚህ ሁልጊዜ አይሠራም። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ከመስከረም እስከ መጋቢት የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ነው፤ ወደ ሰሜን የሚዞረው ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ሲሆን፣ ያ ደግሞ በአመዛኙ የደመና ወቅት ነው። ስለዚህ መስኮቱ ወደ ሰሜን የሚያይ መኝታ ቤት በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ፀሐይ አይገባውም። እዚያ ላይ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ሲጨመር ክፍሉ የባሰ ይቀዘቅዛል። ወደ ቢጫና ወደ ሸክላ የሚያደላ ቀለም ያሞቀዋል።

እኛ ጠዋት ወጥተን ማታ የምንገባው ስለ ሳሎኑ ስንከራከር፣ ቀኑን ሙሉ እዚያ የሚውሉት አያት ግን አይጠየቁም። እኛ ቤት የግራጫውን ናሙና ግድግዳ ላይ አስቀብተን ለአያቴ ስናሳያቸው፣ ጠጋ ብለው ዳሰሱትና "ልጄ፣ ይኼ ሲሚንቶው ነው ወይስ ቀለሙ?" አሉኝ። ሳቅን፤ ግን ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ዕድሜ ሲገፋ ዓይን ተቀራራቢ ቀለሞችን መለየት ይከብደዋል። ግራጫ ግድግዳ፣ ግራጫ በርና ግራጫ ሴራሚክ ፎቶ ላይ ያምራሉ። ለእሳቸው ግን በሩ የት እንዳለ፣ ደረጃው የት እንደሚጀምር አይለይም፤ ሌሊት ወደ መታጠቢያ ቤት ሲነሱ ደግሞ ይህ የመውደቅ ጉዳይ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ በርና የደረጃው ጠርዝ ከዙሪያቸው በግልጽ የሚለይ ቀለም ይኑራቸው። ወጪው ያው ነው።

ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ጥግ፣ እንዲሁም የልጆች እጅ የሚደርስበት ከፍታ የሚታጠብ ቀለም ይፈልጋሉ። እዚያ ላይ ርካሹን መምረጥ በዓመቱ እንደገና ማስቀባት ነው።

ወደ ውጭ ስንወጣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያላችሁ አትድከሙ፣ የሕንፃው ቀለም የጋራ ነው። የራሳችሁ ግቢ ካላችሁ ግን አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ አራት ሳምንት ሳይደርቅ ቀለም አይነካው፣ ይላላጣል። ደማቅ ቀይና ቢጫ በደጋው ፀሐይ ቶሎ ይገረጣሉ። በክረምት ዝናቡ ጭቃ የሚረጭበትን የግድግዳውን የታችኛው ግማሽ ሜትር ጠቆር አድርጉት። አዳማ ወይም ድሬዳዋ የምትሠሩ ደግሞ ሙቀት የሚመልስ ነጣ ያለ ቀለም ምረጡ።

ስለ መጠኑም እንነጋገር፤ ሱቁ ሁልጊዜ ትርፍ ይሸጥላችኋል። አራት በአራት የሆነና ቁመቱ 2.8 ሜትር የሆነ ክፍል፣ በርና መስኮቱ ሲቀነስ 40 ካሬ ሜትር ያህል ግድግዳ አለው። አንድ ሊትር 10 ካሬ ሜትር ገደማ አንድ እጅ ስለሚቀባ፣ ለሁለት እጅ 8 ሊትር ይበቃል። በማሽን የተቀየጠ ቀለም ከሆነ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አስቀይጡ፤ የቅይጡንም ቁጥር ከክዳኑ ላይ ፎቶ አንሱት። ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ዓመት ሳይሞላ ትፈልጉታላችሁ።