«ምንም የሆንሽ አትመስይም!»

ባለፈው ማክሰኞ ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ተሰደብኩ። ነገሩ ቀላል ነው። ወንበር አግኝቼ ተቀምጫለሁ። መንገድ ላይ አንዲት እናት ፌስታል አንጠልጥለው ገቡ፤ ወዲያው ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ። ወጣት ነኝ፣ ጂንስና ስኒከር አድርጌያለሁ፣ ጆሮዬ ላይ ኢርፎን ሰክቻለሁ፤ ባጭሩ ለመነሳት የተፈጠርኩ ነኝ። አልተነሳሁም። አንድ ሰውዬ መጀመሪያ በትህትና «እህት፣ ለእናታችን ብትነሺላቸው» አለኝ። «አሞኝ ነው» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና፦

«ምንም የሆንሽ አትመስይም!»

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። የዘመኑ ልጆች፣ አስተዳደግ፣ ሞባይል፣ ሀገሪቱ ለምን እዚህ ደረሰች... ከአንድ ወንበር ተነስተን (እኔ ሳልነሳ ማለቴ ነው) የትውልድ ውድቀት ላይ ደረስን። እማማ ራሳቸው «ተዋት ልጄ፣ አንድ ነገር ቢኖርባት ነው» ብለው ባይገላግሉኝ እስከ ሜክሲኮ ችሎት ላይ ነበርኩ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር እጠላታለሁ። አንዳንዴ ለሙገሳ ትባላለች፣ አንዳንዴ ለማጽናናት፣ አንዳንዴ ለስድብ። በሦስቱም ጊዜ ትርጉሟ አንድ ነው፦ «አላየሁትምና የለም»።

ያለብኝ በሽታ መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል፤ ባጭሩ ኤም ኤስ። ነርቭን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ አስቡት። ሽቦው ላስቲክ እንዳለው ሁሉ ነርቭም ማየሊን የሚባል ሽፋን አለው። ኤም ኤስ የያዘው ሰው የገዛ ራሱ የመከላከያ ኃይል፣ ጀርም እንዲዋጋ የተቀጠረው ማለት ነው፣ ጠላት መስሎት ያንን ሽፋን ይልጠዋል፤ አንጎል ላይ፣ ህብለ ሰረሰር ላይ፣ የዓይን ነርቭ ላይ። የተላጠው ቦታ ጠባሳ ይሆናል። ስሙም «ብዙ ጠባሳ» እንደማለት ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ እነዚያን ጠባሳዎች ከሕመሙ ምልክቶች ጋር አገናኝቶ ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን ያስረዳው በ1868 እ.ኤ.አ. ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በ20 እና በ40 ዓመት መካከል ሲሆን፣ ሴቶችን ከወንዶች ቢያንስ በእጥፍ ያጠቃል። ይኼን ጽሑፍ ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ ዕድሜያችሁ እዚያው ውስጥ ነው፤ ለማስፈራራት አይደለም፣ «የሽማግሌ በሽታ» እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

ጠባሳዎቼ ፊቴ ላይ ቢሆኑ ኖሮ አውቶቡስ ውስጥ ማንም አይሰድበኝም ነበር።

የጀመረኝ የጋዜጠኝነት ተማሪ ሆኜ፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። ቀኝ ዓይኔ ደበዘዘ፤ ሳንቀሳቅሰው ያመኛል፣ ቀይ ቀለም በዚያ ዓይን ሳየው የታጠበ ይመስላል። መነጽር ታዘዘልኝ። መነጽሩ ተሠርቶ እስኪመጣ ዓይኔ በራሱ ጊዜ ተሻለው፤ መነጽሩ ግን እስከዛሬ ሲመሰገን ይኖራል። በዓመቱ ከወገቤ በታች ደነዘዘ። አንዱ ሐኪም ዲስክ ነው አለ፣ አክስቴ መጋኛ ነው አለች፣ ጓደኞቼ ወንበር ላይ አብዝተሽ ነው አሉ። አንገቴን ዝቅ ባደረግኩ ቁጥር ከማጅራቴ እስከ እግሬ ኮረንቲ እንደሚነዝረኝ ስናገር ደግሞ «ጭንቀት» የሚል ተጻፈልኝ። እስከ ኤም አር አይ ድረስ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ፈጀብኝ። ያን ያህል ጊዜ ሙሉ ጤነኛ መሆኔን ስመረመር ቆየሁ ማለት ነው።

የኔ ዓይነቱ ኤም ኤስ የሚመጣና የሚሄድ ነው። ለሳምንታት ይጥለኛል፣ ከዚያ ይለቀኛል፤ አንዳንዴ ሙሉ በሙሉ፣ አንዳንዴ ቀብድ አስቀርቶ። ለበሽተኛው እፎይታ ነው፤ ለተመልካች ግን ማስረጃ ነው። «ትናንት እኮ ስትስቂ ነበር!» ይላሉ። ትናንትማ ደህና ነበርኩ! ወባ ያለበት ሰው ትኩሳቱ በሚለቀው ሰዓት ውሸታም ይባላል? እኛን ግን ደህና የዋልንበት ቀን ሁሉ ይመዘገብብናል።

በራሱ ጊዜ ለቅቆኝ ሲሄድ ደግሞ ምስጋናውን የሚወስደው መጨረሻ ላይ የተደረገው ነገር ነው። ቅጠሉ፣ መታሻው፣ ጸሎቱ፣ መርፌው። እናቴ እንጦጦ ማርያም ፀበል ወስዳኛለች። ቀዝቃዛው ውሃ ሲወርድብኝ እግሬ ቀለለኝ፤ አልዋሽም፣ እውነት ቀለለኝ። ይኼ በሽታ ሙቀት አይወድም። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡትሆፍ በ1890 እ.ኤ.አ. ሰውነታቸውን ሲያንቀሳቅሱ እይታቸው ለጊዜው የሚደበዝዝባቸውን ሕሙማን መዝግቦ ነበር፤ በኋላ ነገሩ የሰውነት ሙቀት መጨመር መሆኑ ታወቀ። ኤም አር አይ ባልነበረበት ዘመን ሐኪሞች በሽተኛውን ሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው ሲብስበት በማየት ይመረምሩ ነበር። ሰውነት ሲቀዘቅዝ የተላጠው ሽቦ ለጊዜው የተሻለ ያስተላልፋል። ከእናቴ እምነት ጋር ጠብ የለኝም፤ አሁንም አብሬያት እሄዳለሁ። ጠቤ በማግስቱ ሲያመኝ «እምነትሽ ጎድሎ ነው» ካሉኝ ጋር ነው። እዚያም ማስረጃ አቅርቢ ተባልኩ ማለት ነው።

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን ድካሙ ነው፤ ከድካሙ ደግሞ ቃሉ። አዲስ አበባ ውስጥ «ደከመኝ» የማይል ማን አለ? ሰልፉ፣ ትራንስፖርቱ፣ ኑሮው... እኔ «ደከመኝ» ስል መልሱ የታወቀ ነው፦ «እኔስ ብትዪ!» ሌላ ቃል ብፈልግ አጣሁ። ያረጀ ባትሪ ያለው ስልክ ታውቃላችሁ አይደል? ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ጠዋት 100 ያሳያል፣ አንድ ስልክ ስትደውሉበት 9 ይሆናል። እኔ ያ ስልክ ነኝ። ጠዋት ፀጉሬን ከታጠብኩ ምሳ አልሠራም፤ ምሳ ከሠራሁ ፀጉሬን አልታጠብም። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ውሃ በጠፋ ቀን ታናሽ ወንድሜ ጄሪካን ተሸክሞ ሲወጣ እኔ ከኋላው ባዶ እጄን፣ የደረጃውን ብረት ይዤ እከተላለሁ። ጎረቤቶቻችን ምን እንደሚሉ እሰማለሁ። እናቴ «ጨጓራ ነው» ትላቸዋለች። ለምን እንደምትዋሽ አውቃለሁ፤ ገና ያላገባሁ ልጅ ነኝ። በሽታው ራሱ የማይታይ፣ እኛም የምንደብቀው፣ ታዲያ ማን ያውቀዋል? (ይኼን ካነበበች በኋላ ቤት ውስጥ የሚጠብቀኝን እኔ ነኝ የማውቀው።)

ሥራ ቦታ እንምጣ። የምሠራበትን ቤት አልጠራም፤ አለቃዬም ክፉ ሰው አይደለም። ጠዋት ቀደም ብዬ ልግባ፣ ከሰዓት ፀሐይ ላይ የሚሠራ ዘገባ ለሌላ ሰው ይሰጥልኝ፣ እኔ ደግሞ ጽሑፉን በሙሉ ላርም ብዬ ጠየቅኩት። ፈቃድ አልጠየቅኩም፤ ለመሥራት ነው የጠየቅኩት። «ወረቀት አምጪ» አለኝ። ወረቀቱን የሚጽፈው ሰው ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃ መውጣት እንደማልችል ለማስመስከር ደረጃ ወጣሁ። ስደርስ «ወጥተሽ የለም እንዴ?» አለችኝ ጸሐፊዋ፤ እየቀለደች መሰለኝ፣ አልቀለደችም። ወረቀቱ የሚያገለግለው ለ3 ወር ነበር። በሽታው የዕድሜ ልክ ነው፤ ማስረጃው ግን እንደ ወተት ቀን አለው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ 2 ወር በግማሽ፣ የቀረው 3 ወር ያለ ክፍያ። ደግ ነው። ግን እኔ የምፈልገው ቤቴ መተኛት አይደለም። ለኔ የሚጠቅመኝ ሌላው ሕግ ነው፤ ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000። ያ አዋጅ አሠሪ የሥራ ሁኔታውን እንዲያመቻች ያዛል፤ ይባስ ብሎ አካል ጉዳተኛው በሥራው ላይ አድልዎ ደረሰብኝ ካለ አድልዎ አለመኖሩን የማስረዳት ሸክም ወደ ተከሳሹ ይዞራል። የማስረዳት ሸክም! ሕጉ ሸክሙን ከጉዳተኛው ጫንቃ ለማውረድ አስቦበታል፤ መልሰን የምናሸክመው እኛ ነን። ምክንያቱም «አካል ጉዳተኛ» ሲባል በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ክራንች፣ ዊልቸርና ነጭ በትር ብቻ ነው። ጂንስ የለበሰች፣ ሊፕስቲክ የቀባች ልጅ አትመጣም።

ይኼው ጨዋታ ወደ ላይ ከፍ ሲል «የፈረንጅ በሽታ» ይባላል። ይህን የነገረኝ የተማረ ሰው ነው፣ ነጭ ጋውን የለበሰ። ግማሽ እውነት አለው፦ ኤም ኤስ ከምድር ወገብ እየራቁ ሲሄዱ ይበዛል፣ ወደኛ ሲቀርብ ያንሳል። ግን «ያንሳል» እና «የለም» ከመቼ ወዲህ አንድ ሆኑ? ኤም ኤስ ያለ ኤም አር አይና ያለ ነርቭ ሐኪም በቀላሉ አይገኝም፤ ባልፈለግንበት ቦታ ደግሞ አናገኘውም፤ ስላላገኘነው የለም እንላለን፤ ስለሌለም መድኃኒቱን አናስመጣም። እኔን አውቶቡስ ውስጥ የሰደበኝ ሰውዬ ያሰበውም ልክ እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ጋውኑ ብቻ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፉ የኤም ኤስ አትላስ በዓለም ላይ 2.8 ሚሊዮን ሰዎች ከበሽታው ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. ሦስት የኤም ኤስ መድኃኒቶችን፣ ክላድሪቢንን፣ ግላቲራመርንና ሪቱክሲማብን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባ። ያ ዝርዝር ለሀብታም አገሮች የተዘጋጀ የቅንጦት ዕቃ ማውጫ አይደለም፤ እንደኛ ያሉ አገሮች መጀመሪያ ምን እንግዛ ብለው የሚያዩት ነው። ሪቱክሲማብ ደግሞ ለካንሰርም የሚሰጥ መድኃኒት ነው። እኔም የምወስደው እሱን ነው፤ በየ6 ወሩ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ዕቁብ ተጥሎ።

«ግን እኮ አስመሳይ ሞልቷል!» የሚል አይጠፋም። ሞልቷል። የሕመም ፈቃድ ወረቀት በማስታወሻ ደብተር ዋጋ የሚገዛ ሰው አውቃለሁ። ግን ልብ በሉ፣ አስመሳዩ ወረቀት አያጣም፤ ወረቀት ማምጣት የማይከብደው እሱ ብቻ ነው። በር ላይ የምትደረድሩት ፍተሻ ሁሉ የሚጥለው እኔን ነው፣ እሱ ዘሎት ያልፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ የምጽፈው ሁሉ ሐሰት ይሆንብኛል። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ዶርማችን ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ሁልጊዜ ያማታል። ጽዳት ተራዋ ሲደርስ ያማታል፣ የቡድን ሥራ ሲሆን ያማታል፣ ካፌ ስንሄድ ግን አንዳንዴ ደህና ናት። «ወይዘሮ ሕመሜ» የሚል ስም አወጣንላት። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጎበዝ ነበርኩ ስም ማውጣት ላይ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ዊዝድሮው ሞልታ ሄደች። ምን እንደነበረባት አንዳችንም አልጠየቅናትም፤ ወረቀት ግን ጠይቀናታል።

አሁን ከዘራ ገዝቻለሁ። መርካቶ፣ ከአባቶች ጋር ተጋፍቼ። እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን ቀን እግሬ አያስፈልገውም። የሚያስፈልጋችሁ እናንተ ናችሁ። ከዘራውን ይዤ ስወጣ ረዳቱ «ቀስ በይ እህቴ» ይለኛል፣ ወንበር ይለቀቅልኛል፣ ሰልፍ ላይ «አሳልፏት» ይባላል፣ አለቃዬ ሳይቀር ወረቀት መጠየቅ ትቷል። በሽታዬ ያው ነው፣ ሁለት ጠባሳ እንኳን አልጨመረም። አንድ እንጨት ያዝኩና ታመምኩ!

ትናንት ጠዋት ግን ደህና ነበርኩ። አየሩ ቀዝቀዝ ያለ፣ እግሬ የኔ የሆነበት ጠዋት። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል አየሁትና ከዘራውን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ሮጥኩ። ስንት ጊዜዬ ነው ከሮጥኩ! ከኋላዬ አንድ ጎረምሳ ለጓደኛው ሲለው ሰማሁ፦

«አየሃት? አስመሳይ!»

ዞር ብዬ መልስ ልሰጠው ፈልጌ ነበር። አውቶቡሱ በሩን ሊዘጋ ነው፤ ገባሁ።