የውሃ መዝጊያ ቫልቭ ተፈትቶ የሚታጠብ ይሁን



የውሃ መዝጊያ ቫልቭ ሲገዛ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ዋጋውና ማብረቅረቁ ነው፤ ተፈትቶ መታጠብ መቻሉን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በአዲስ አበባ በብዙ ሰፈር ውሃ በፈረቃ የሚመጣ እንደ መሆኑ መጠን፣ ተቋርጦ በተመለሰ ቁጥር በቧንቧው ውስጥ የተኛውን ዝገትና አሸዋ ጠርጎ ያመጣል። ይህ ቆሻሻ በቫልቩ ውስጥ ሲያርፍ ጎሚኒውን ይበላል፤ የሴራሚክ ዲስኩንም ይፍቃል። ከዚያ ወዲያ መዝጊያው የቱንም ያህል ቢጠብቅ ማንጠባጠቡን አይተውም።

በተራ መፍቻ የሚከፈት፣ ወንፊቱ ወጥቶ የሚታጠብና ጎሚኒው ለብቻው የሚለወጥ ከሆነ ጉዳቱ በትንሽ ወጪ ይጠገናል፤ ተደፍኖ የተሠራው ግን ይጣላል። የምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር እጅግ ስለ ረከሰ፣ ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ የውጭ ገንዘብ ማውጣት ለነጋዴውም ለአገሩም ኪሳራ ነው።

«የሚጠገን ዕቃ ሽያጭ ይቀንሳል» የሚሉ አሉ። ነገር ግን መለዋወጫውም ሸቀጥ ነው፤ ጎሚኒ ሊገዛ የተመለሰ ሰው ደንበኛ ሆኖ ይቀራል፤ ዕቃው የተጣለበት ግን ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል።

ስለዚህ አስመጪው ከማዘዙ በፊት ናሙናውን አስፈትቶ ይመልከት፤ መለዋወጫውንም አብሮ ይዘዝ። ባለ ሱቁም አዲሱ ቫልቭ ሳይገጠም ቧንቧው በውሃ እንዲታጠብ ለገዢው መንገርን አይዘንጋ።