«ቁጥር ብቻ ነው የሚቀየረው» የምትባለው ሌሊት

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ስለ ዘይቱ፣ ስለ ነዳጁና ስለ መድኃኒቱ ብዙ ተባለ። ስለ ዋጋ ዝርዝሩ ግን ብዙም አልተነሳም። ዋጋ በጨመረ ቁጥር ምግብ ቤቱ ሜኑውን፣ ፀጉር ቤቱ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ታሪፍ፣ የግንባታ ዕቃ መደብሩ ባነሩን መቀየር አለበት። ይህ ሥራ የሚወድቀው እንደ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ባሉ ሰፈሮች፣ አንድ ሁለት ኮምፒውተር ይዘው በሚሠሩ ትናንሽ የማስታወቂያና የህትመት ቤቶች ላይ ነው። በ2013 ቴሌብር ሲጀመር፣ በ2015 የሳፋሪኮም 07 ቁጥር ሲመጣም እንዲሁ ነበር። ደንበኛው በር ላይ ቆሞ «ቁጥር ብቻ ነው የሚቀየረው» ይላል።

ቁጥር ብቻ መሆን ነበረበት። ብዙ ጊዜ ግን አይደለም።

የተለመደው የሱቅ ባነር ፊደሉ ነጭ ነው፤ ዙሪያው ቀይ መስመር፣ ከቀዩ ውጭ ወፍራም ጥቁር መስመር፣ ከሥሩ ጥላ አለው። ይህን ለማግኘት ጽሑፉ ሦስት አራት ጊዜ ኮፒ ይደረግና አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባል። ከዚያ ሁሉም ወደ ከርቭ ይቀየራል። ለዓይን ያምራል። ዋጋው ሲቀየር ግን አራቱም ንብርብር መነካት አለበት፤ ከርቭ የሆነ ፊደል ደግሞ እንደ ጽሑፍ አይታረምም። ያለው ምርጫ ከመጀመሪያው መሥራት ነው። ደንበኛው የሚከፍለው ለአንድ ቁጥር ነው፤ የሚያድረው ተቀጣሪው ልጅ ነው።

መፍትሔው ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። አዶቤ ኢለስትሬተር እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው 9ኛ ስሪቱ፣ አንድ ጽሑፍ ብዙ ቀለምና ብዙ መስመር በንብርብር እንዲለብስ የሚያደርገውን የአፒራንስ ሰሌዳ፣ ያን ልብስ በስም የሚያስቀምጠውንም ስታይል አመጣ። ጽሑፉ አንድ ነው፤ የተደራረበው ልብሱ ነው። ስታይሉ አንዴ ሲስተካከል የለበሱት ሁሉ አብረው ይቀየራሉ። ዋጋ መቀየር ዋጋውን መጻፍ ብቻ ይሆናል።

ሐሳቡ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የብራና ጸሐፊ የቅዱሳንን ስም በቀይ ሲጽፍ በየገጹ ቀለም አይመርጥም። ሥርዓቱ አንዴ ተወስኗል፤ ብዕሩ ይከተለዋል።

ለአማርኛ ፊደል ደግሞ የንብርብሩ ቅደም ተከተል የመነበብ ጉዳይ ነው። መስመሩ ከፊደሉ ቀለም በላይ ከተቀመጠ ወደ ውስጥም ይወፍርና የ«ቤ»ን ትንሽ ቀለበት ይደፍነዋል። «ምግብ ቤት» ከመንገድ ማዶ ሲያዩት «ምግብ ቢት» ይመስላል። መስመሩ በታች ሲሆን ግን ነጩ ፊደል ቅርጹን አያጣም። ይህን ትክክለኛ ድርድር አንዴ ሠርቶ በስም ያስቀመጠ ቤት፣ በየባነሩ አይሳሳትም።

«ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ማን ስታይል ያዘጋጃል?» የሚል ይኖራል። ለአንድ ቀን ስቲከር እውነት ነው፤ አያስፈልግም። በየሦስት ወሩ ለሚመለስ ደንበኛ ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው።

የሶፍትዌሩ ዋጋ ሌላው ተቃውሞ ነው፤ ይህም እውነት አለው። በዶላር የሚከፈል ወርኃዊ ክፍያ ለአንድ የሰፈር ህትመት ቤት ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለው ኢንክስኬፕ በነፃ ይገኛል። ልብ ይሏል፦ ኢንክስኬፕ በሚሠራበት ኤስቪጂ በተባለው የፋይል ዓይነት አንድ ቅርጽ የሚይዘው አንድ ሙሌትና አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ፣ ንብርብሩ የሚሠራው በክሎን ነው። ዋናው ጽሑፍ ቀለሙና መስመሩ ሳይወሰን ከገጹ ውጭ ይቀመጣል፤ ክሎኖቹ የየራሳቸውን ቀለም ይዘው ገጹ ላይ ይደረደራሉ። ዋናው ሲታረም ሁሉም ይታረማሉ። ዘዴው ትንሽ ይጠመዝዛል፤ ሌሊት ከማደር ግን ይሻላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ህትመት ቤቶች ለቋሚ ደንበኛ ሁለት ፋይል ይያዙ፦ አንዱ ጽሑፉ የሚታረም፣ ሌላው ለህትመት ወደ ከርቭ የተቀየረ። የስታይሉ ስም ከሥራው ይውጣ፤ «ዋጋ»፣ «ስልክ»፣ «የሱቅ ስም» ይባል። «ቀይ ባለጥላ» የተባለ ስታይል ደንበኛው አረንጓዴ ሲፈልግ ውሸት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ተማሪውን የሚያምር ፖስተር ብቻ አያሠሩት። ሌላ ሰው የሠራውን ፋይል ሰጥተው ዋጋውንና ቀለሙን በአሥር ደቂቃ ቀይር ይበሉት። ገበያው የሚፈትነው በዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ አሠሪዎች ይህን እንደ ሙያ ቆጥረው ይክፈሉ። ለማስተካከል የማያስቸግር ፋይል የሚሠራ ልጅ ሥራው አይታይም፤ የሚታየው ሌሊቱን ሲያፈጥ ያደረው ነው። ያደረው ሲመሰገን፣ እንዳያድር አድርጎ የሠራው ይረሳል። ይህ እስካልተቀየረ ድረስ፣ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ጭማሪውን በእንቅልፉ የሚከፍለው ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ልጅ ነው።