የቤተ እምነቶች መከፋፈል፦ ሃይማኖትን ያጠነክራል ወይስ ያዳክማል?

እአአ በሚያዝያ 2023 የኬንያ ፖሊሶች ከማሊንዲ ከተማ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በሚገኘው የሻካሆላ ጫካ ሲደርሱ በመጀመሪያ ያገኙት በረሃብ የተዳከሙ ሰዎችን ነበር። ቀጥሎ መቃብሮቹ ተገኙ። ለወራት በተካሄደው ቁፋሮ ከ400 በላይ አስከሬኖች የወጡ ሲሆን፣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ የሕፃናት ነበሩ። ዐቃቤ ሕግ እንደሚለው ሟቾቹ ፖል ማኬንዚ የተባለ ሰባኪ ተከታዮች ነበሩ፤ ክርስቶስን ለመገናኘት እስከ ሞት ድረስ እንዲጾሙም ተነግሯቸዋል። ሰባኪው የቀረበበትን ክስ አልተቀበለም።

ኬንያውያንን ያስደነገጠው የሟቾች ብዛት ብቻ አልነበረም። ሰባኪው ቤተ ክርስቲያኑን ያቋቋመው ራሱ ነው፤ የሚመራውም ራሱ ነበር። ከእርሱ በላይ ሆኖ ትምህርቱን የሚመረምር ሲኖዶስ ወይም ከአገልግሎት የሚያግደው ጉባኤ አልነበረም። በመሆኑም ከሐዘኑ በኋላ የተነሳው ክርክር ከአንድ ሰው ወንጀል አልፎ ወደ አንድ የቆየ ጥያቄ ተሻገረ፦ ሃይማኖት ወደ ብዙ ቤተ እምነቶች ሲከፋፈል ይጠነክራል ወይስ ይዳከማል?

የምሥራቅ አፍሪካና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ አንድ ወጥ መልስ አይሰጥም። የሚያሳየው ግን አንድ ተደጋጋሚ ነገር አለ። መከፋፈል ብዙውን ጊዜ የምዕመናንን ቁጥርና ትጋት ሲጨምር፣ ሃይማኖቱ የራሱን አገልጋዮች የሚጠይቅበትን ሥልጣን ደግሞ ይቀንሳል። ሥልጣኑ ሲላላ የሚፈጠረው ክፍተት ባዶውን አይቆይም፤ አብዛኛውን ጊዜ መንግሥት ይገባበታል።

የምሁራኑ ሙግት

የማኅበረሰብ ጥናት ምሁራን በጉዳዩ ላይ በሁለት ጎራ ቆመው ሲከራከሩ ቆይተዋል። ፒተር በርገር እአአ በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሃይማኖት ማኅበረሰቡን በሙሉ እንደሚያጠላ ድንኳን መሆኑን ገልጾ ነበር። በአንድ አካባቢ ብዙ ድንኳኖች ጎን ለጎን ሲተከሉ እምነት ከአባት የሚወረስ እርግጠኛ ነገር መሆኑ ይቀርና የግል ምርጫ ይሆናል፤ ምርጫ ባለበት ደግሞ ጥርጣሬ ይገባል ሲል ተከራክሯል።

ሮድኒ ስታርክና ሮጀር ፊንክ በአንጻሩ ሃይማኖትን ከገበያ ጋር አመሳስለውታል። በእነርሱ እምነት፣ ተፎካካሪ የሌለው የሃይማኖት ተቋም አገልጋዮቹ ይሰንፋሉ፤ ፉክክር ሲኖር ግን ሁሉም ምዕመኑን ለማግኘት ይተጋል። ማርክ ቻቭስና ፊሊፕ ጎርስኪ እአአ በ2001 በርካታ ጥናቶችን መርምረው የደረሱበት ድምዳሜ፣ ፉክክር በሁሉም ቦታ የሃይማኖት ተሳትፎን ይጨምራል የሚለው አጠቃላይ አባባል በማስረጃ አልተደገፈም የሚል ነው። ስለዚህ መልሱ የሚገኘው በየአገሩ ታሪክ ውስጥ ነው።

የኬንያ መከፋፈል ከየት መጣ?

እአአ በ1929 በማዕከላዊ ኬንያ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮንና ሌሎች ሚሲዮኖች፣ የኪኩዩ ተወላጅ የሆኑ ምዕመናን የሴት ልጅ ግርዛትን እንዲያወግዙ ቃል ማስገባት ጀመሩ። ብዙዎች ቃሉን አንሰጥም ብለው ሚሲዮኖቹን ጥለው ወጡ። ድርጊቱ ዛሬ በኬንያ ሕግ የተከለከለ ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው ቅሬታ ግን ከግርዛቱ የሰፋ ነበር፤ መሬቱን ለነጭ ሰፋሪዎች ያጣ ሕዝብ ልማዱንም በእነዚያው ሰዎች ትእዛዝ ሊያጣ ነው የሚል ስሜት ነበረበት።

የወጡት ሰዎች ክርስትናን አልተዉም። የራሳቸውን ትምህርት ቤቶች ከፈቱ፣ የራሳቸውን አብያተ ክርስቲያናት አቋቋሙ፣ አፍሪካውያን ካህናትን ሾሙ። የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር በማው ማው አመፅ ሳቢያ እአአ በ1952 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካወጀ በኋላ ትምህርት ቤቶቹን ቢዘጋም፣ ጅማሬው አልጠፋም። ከነጻነት በኋላ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ተደራጅተዋል።

ዴቪድ ባሬት እአአ በ1968 ባሳተመው ጥናቱ በመላው አፍሪካ ወደ 6,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ከሚሲዮኖች የተለዩ እንቅስቃሴዎችን መዝግቧል። ለመለያየቱ ትልቅ ምክንያት ሆኖ ያገኘውም የመጽሐፍ ቅዱስ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መተርጎም ነው። ምዕመኑ በቋንቋው ማንበብ ሲጀምር፣ ሚሲዮናውያኑ የሚያስተምሩትንና መጽሐፉ የሚለውን ማነጻጸር ቻለ።

በቁጥር ረገድ መከፋፈሉ የኬንያን ክርስትና አልጎዳም። እአአ በ2019 በተካሄደው ቆጠራ ከ47 ሚሊዮን በላይ ከሆነው ሕዝብ 33 በመቶው ፕሮቴስታንት፣ ከ20 በመቶ በላይ የሚሆነው ካቶሊክ፣ 20 በመቶ ገደማው ወንጌላዊ፣ 7 በመቶው ደግሞ አፍሪካውያን የመሠረቷቸው አብያተ ክርስቲያናት አባል ነው። ሙስሊሞች 11 በመቶ ገደማ ናቸው። የበርገር ስጋት በናይሮቢ ጎዳናዎች ላይ አይታይም።

በኢትዮጵያ ያደገው ምንድን ነው?

ተመሳሳይ ምስል በኢትዮጵያም ይታያል። በ1987 ዓ.ም በተካሄደው ቆጠራ ፕሮቴስታንቶች የሕዝቡ 10.2 በመቶ ነበሩ፤ በ1999 ዓ.ም ቆጠራ 18.6 በመቶ ደርሰዋል። በዚያው ጊዜ የኦርቶዶክስ ምዕመናን ድርሻ ከ50.6 ወደ 43.5 በመቶ ዝቅ ብሏል። እድገት ያሳየው ወገን እንደ መካነ ኢየሱስ፣ ቃለ ሕይወት፣ ሙሉ ወንጌልና መሠረተ ክርስቶስ ባሉ በርካታ ቤተ እምነቶች የተከፈለው ነው።

ይሁን እንጂ እድገቱን ያመጣው መከፋፈሉ ራሱ ነው ብሎ መደምደም ያስቸግራል። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይህን ያሳያል። የደርግ መንግሥት በ1974 ዓ.ም ቤተ ክርስቲያኒቱን ዘግቶ ንብረቷን ሲወርስና መሪዎቿን ሲያስር፣ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። ምዕመናኑ በየቤቱ በትናንሽ ቡድኖች እየተሰበሰቡ፣ ካህን ያልሆኑ ወንዶችና ሴቶች እየመሯቸው፣ በድብቅ አመለኩ። ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም ሲወድቅ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ያደገው ተራው ምዕመን ራሱን የእምነቱ ባለቤት አድርጎ መቁጠሩ ነው። ከአሮጌው ተለይቶ የተቋቋመ አዲስ ቤተ እምነት ብዙውን ጊዜ ይህን ባለቤትነት ይሰጣል። ነገር ግን ሳይለያዩም ሊሰጥ ይችላል።

በሌላ በኩል፣ ባለቤትነቱ የሚጠየቅበት አካል ከሌለው አደጋ አለው። ባለፉት ዓመታት ራሳቸውን ነቢይና ሐዋርያ ብለው የሾሙ ሰባኪዎች ሲበዙ፣ ቅሬታውን ቀድመው ካሰሙት መካከል ራሳቸው የወንጌላውያን መሪዎች ይገኙበታል። የኢትዮጵያ ወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በ2012 ዓ.ም በአዋጅ ሲቋቋም፣ ተለያይተው ያደጉት ወገኖች አንድ የጋራ ጥላ እንደሚያስፈልጋቸው ማመናቸውን የሚያሳይ ነበር።

ዶግማ የሌለበት መለያየት

መለያየት ሁሉ ጠብ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት ጳጳሳትን ከእስክንድርያ ስትቀበል ኖራ፣ በ1951 ዓ.ም በስምምነት የራሷን ፓትርያርክ፣ አቡነ ባስልዮስን፣ አገኘች። የሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት የእምነት አንድነት አልተቋረጠም። ውሳኔው ሁለቱንም አላዳከመም።

በ1980ዎቹ የሆነው ግን ሌላ ነበር። የመንግሥት ለውጥን ተከትሎ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተነስተው ሲሰደዱና አቡነ ጳውሎስ በ1984 ዓ.ም ሲሾሙ፣ አንዲት ቤተ ክርስቲያን በሁለት ሲኖዶሶች ተከፈለች። ጉዳቱ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ ምዕመናን ላይ በረታ። በአንድ ከተማ ውስጥ አንዱ አጥቢያ ለአገር ቤቱ ሲኖዶስ፣ ሌላው ለስደተኛው፣ ሦስተኛው «ገለልተኛ» ሆነ፤ አንድ ጾም የሚጾሙ፣ በአንድ ቅዳሴ የሚቀድሱ ሰዎች በተለያየ ደጅ ቆሙ። እርቁ የተፈጸመው በሐምሌ 2010 ዓ.ም ነው።

እርቁ አምስት ዓመት ሳይሞላው ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት በወሊሶ አካባቢ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ። በአፋን ኦሮሞ ማገልገልና በሹመት መወከል የጥያቄው መነሻ እንደሆነ ተናገሩ። ቅዱስ ሲኖዶስ ድርጊቱን አወገዘ፤ በሻሸመኔ የሰው ሕይወት ጠፋ። ስምምነት የተደረሰው ጠቅላይ ሚኒስትሩ በገቡበት ድርድር የካቲት 8 ቀን ነበር። በትግራይ ያሉ አባቶች በበኩላቸው በጦርነቱ ወቅት ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሕዝቡ ድምፅ አልሆነችም በሚል የተለየ መዋቅር መሥርተው፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም በአክሱም ኤጲስ ቆጶሳትን ሾመዋል።

በእነዚህ በሦስቱም ክፍፍሎች ውስጥ የዶግማ ልዩነት አልነበረም። በ1870 ዓ.ም በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ፊት በቦሩ ሜዳ የተካሄደው ጉባኤ ሊዘጋው የሞከረው የቅባትና የጸጋ ክርክር ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ነበር። የዘመናችን ክርክር ግን ማን ይሾማል፣ በየትኛው ቋንቋ ይቀደሳል፣ የማን ሐዘን ይታዘናል የሚል ነው። እንዲህ ያለው መለያየት የድክመት መንስኤ ከመሆኑ በፊት ምልክቱ ነው፤ ሰሚ ያጣ አቤቱታ በጊዜው በውስጥ ቢፈታ ኖሮ በሹመት ባልተገለጠ ነበር።

በአዋጅ የሚመጣ አንድነት

የሙስሊሙ ማኅበረሰብ ተሞክሮ ደግሞ የተቃራኒውን አደጋ ያሳያል። በኡጋንዳ ኢዲ አሚን እአአ በ1972 የኡጋንዳ ሙስሊሞች ጠቅላይ ምክር ቤትን ሲያቋቁሙ ዓላማው የተከፋፈሉ ወገኖችን በአንድ ማዕከል ማሰባሰብ ነበር። ዛሬም ግን መቀመጫውን በኦልድ ካምፓላ ያደረገው ምክር ቤትና የኪቡሊ ወገን የየራሳቸው አመራር አላቸው።

በኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም በአወሊያ ትምህርት ቤት የተጀመረው ተቃውሞ መንስኤው፣ መንግሥት በመጅሊሱ በኩል የአሕባሽን አስተምህሮ ሊጭንብን ነው የሚል ነበር። የተቃውሞው መሪዎች ታሰሩ፤ ቁርሾው ለዓመታት ቆየ። በ2011 ዓ.ም በተለያየ አመለካከት የቆሙ ዑለማዎች በአንድ መድረክ ተገናኝተው በሙፍቲ ሐጂ ዑመር ኢድሪስ የሚመራ ምክር ቤት ሲሠይሙ፣ ከላይ የተጫነው አንድነት ያላመጣው መግባባት መታየት ጀመረ።

ክፍተቱን የሚሞላው ማነው?

ሃይማኖቶች ራሳቸውን መዳኘት ሲያቅታቸው መንግሥታት ምን እንደሚያደርጉ ቀጠናው ሦስት ምሳሌዎች ይሰጣል።

ኤርትራ እአአ በ2002 ከኦርቶዶክስ፣ ከካቶሊክ፣ ከወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያንና ከሱኒ እስልምና በቀር ሌሎች ቤተ እምነቶችን አገደች። የተፈቀደላቸው መሆን ግን ከጣልቃ ገብነት አላዳነም። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ የመንግሥትን ጣልቃ ገብነት የተቃወሙት ፓትርያርክ አቡነ እንጦንዮስ ከሥልጣናቸው ተነስተው፣ ከዓመታት የቁም እስር በኋላ እአአ በ2022 አርፈዋል።

ሩዋንዳ እአአ በ2018 ባወጣችው ሕግ የእምነት ተቋማት መሪዎች የሥነ መለኮት ትምህርት እንዲኖራቸው አዘዘች፤ እአአ በ2024 ደግሞ መስፈርት አላሟሉም ያለቻቸውን ከ5,000 በላይ የጸሎት ቤቶች ዘጋች። ደጋፊዎች የሕዝብ ደኅንነት ተጠብቋል ይላሉ። ተቺዎች ግን ድሃ ምዕመን የሠራት ጠባብ ጸሎት ቤት ከአጭበርባሪው ጋር አብራ መዘጋቷን ያነሳሉ።

ኬንያ በሁለቱ መካከል እያመነታች ነው። እአአ በ2016 መንግሥት ሰባኪዎችን የሚቆጣጠር ደንብ ሲያቀርብ አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ድምፅ ተቃውመው አስነሱት። ከሰባት ዓመት በኋላ ሻካሆላ ተከሰተ። ፕሬዝዳንት ሩቶ ያቋቋሙትን አጥኚ ቡድን የመሩት ራሳቸው ቄስ የሆኑት ሙታቫ ሙስዪሚ ሲሆኑ፣ ቡድኑ እአአ በ2024 የሃይማኖት ተቋማትን የሚመለከት የሕግ ማዕቀፍ እንዲወጣ ሐሳብ አቅርቧል።

አብያተ ክርስቲያናቱ መንግሥትን ለመቃወም አንድ መሆን እንደሚችሉ እአአ በ2016 አሳይተዋል። ያላሳዩት እርስ በርስ ለመጠያየቅም አንድ መሆን እንደሚችሉ ነው። የመከፋፈል ጥቅምና ጉዳት የሚለየውም እዚህ ላይ ይመስላል። ብዙ ደጅ ያለው ሃይማኖት ብዙ ሰው ያስገባል፤ በአንደኛው ደጅ ውስጥ ሕፃናት ሲራቡ ግን የሌላው ደጅ አገልጋይ ገብቶ የመጠየቅ መብትም ግዴታም ከሌለው፣ የሚያንኳኳው ፖሊስ ይሆናል። በሻካሆላ ፖሊስ ዘግይቶ ደርሷል። የመጀመሪያዎቹ አስከሬኖች በዘረመል ምርመራ ተለይተው ለቤተሰቦቻቸው የተሰጡት አንድ ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ ነው።