«ስንት ሲሲ ነው?» ብቻውን ዳገት አይወጣም

ሞተር ሳይክል ለመግዛት ያሰበ የቦረና ወጣት መጀመሪያ የሚያማክረው ስልኩን ነው። ቪዲዮዎቹ ደግሞ በአብዛኛው ሜዳ አገር የተቀረጹ ናቸው። ሞተሩ ይጮኻል፣ የፍጥነት መለኪያው ይሽቀዳደማል፣ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንት ሲሲ ነው?» ይህ ጥያቄ ለመካነ ሰላም፣ ለአጅባር፣ ለወግዲና ለከላላ መንገድ አይበቃም ባይ ነኝ። እኛ ጋ ሞተር የሚገዛው በሬ ተሸጦ፣ እቁብ ወጥቶ፣ ወይ እህት ከአረብ አገር ልካ ነው። ለብዙዎች ሁለተኛ ዕድል የሌለው ግዢ ነው። ስለ ሞተሩ አሠራር ትንሽ ማወቅ ቅንጦት አይደለም።

ከአየሩ እንጀምር። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ወደ አቀስታ ሲኬድ ከፍታው ይብሳል። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ሞተር ደግሞ ቤንዚን ብቻ አያቃጥልም፣ አየር ይተነፍሳል። አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ወረቀቱ ላይ 12 የፈረስ ጉልበት የተባለለት ሞተር እኛ ጋ ሲደርስ ወደ 9 ይወርዳል። «ሞተሩ ሰነፈ» ብሎ ጋራዥ ለጋራዥ ከመዞር በፊት ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

ቀጥሎ ስም አያታልለን። በየመንገዱ የምናየው የባጃጅ ኩባንያ ሞተር «ቦክሰር» ይባል እንጂ አሠራሩ ቦክሰር አይደለም። በሞተር ቋንቋ ቦክሰር የሚባለው ሁለት ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተጋደሙ፣ ፒስቶኖቹም እንደ ቡጢኛ እጆች የሚወራወሩ ነው። ቢኤምደብሊው ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሞተር ሳይክሎቹ ላይ የሚገጥመው ዓይነት ማለት ነው። የእኛው ቦክሰር ግን አንድ ሲሊንደር ያለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ባለ አራት ምት ሞተር ነው። «150» የተጻፈበትም በትክክል ሲለካ 144.8 ሲሲ ነው። ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም። ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ፍጥነት ይኖረዋል፣ ንዝረቱም ይቀንስ ይሆናል። ነገር ግን ፒስቶኑ ሁለት፣ ካንዴላው ሁለት፣ የጥገና ወጪውም በዚያው ልክ ነው። ለዕለት ሥራ አንዱ ይበቃል።

ከሲሲው ይልቅ የፒስቶኑን ጉዞ ጠይቁ። የቦክሰር 150 ሲሊንደር ስፋቱ 56 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፒስቶኑ ላይና ታች የሚሄደው 58.8 ሚሊ ሜትር ነው። የቲቪኤስ አፓቼ 160 ግን ስፋቱ 62፣ የፒስቶኑ ጉዞ 52.9 ነው። ጉዞው አጭር የሆነ ሞተር ቶሎ ቶሎ መዞር ይወዳል፣ ጉልበቱን የሚያወጣው ሲጮኽ ነው። ለአስፋልትና ለፍጥነት ያምራል። ጉዞው ረዘም ያለው በዝቅተኛ ዙር መሳብ ይቀናዋል። የማርሹና የካቴናው ጥርስ ብዛትም ወሳኝ ነው። ሰውና ግማሽ ኩንታል ጤፍ ጭኖ በጠጠር ዳገት ላይ ለሚንፏቀቅ ሰው ግን በዝቅተኛ ዙር የሚገኝ ጉልበት ከከፍተኛ ፍጥነት ይበልጥበታል።

ባለ ሁለት ምቱስ? የመሥሪያ ቤት ሞተሮችን የሚያስታውስ ያማሃ ዲቲ 125ን ያውቃል። እንደ ባለ አራት ምቱ የሚስተካከል ቫልቭ የለውም፣ ቀላል ነው፣ ለክብደቱ ጉልበታም ነው። ግን ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ያቃጥላል፣ ያጨሳል፣ ነዳጅም ይወዳል። ትልቁ ድክመቱ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ጋዝ ሲለቀቅ እንደ ባለ አራት ምቱ ይዞ አያስቀርም። ከመካነ ሰላም ወደ ጉንደ ወይን የሚሻገር ሰው ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። እዚያ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ ነቅሎ ኒውትራል ላይ የሚለቅ ልጅ ትልቁን ፍሬኑን አውልቆ እንደጣለ ይቁጠረው። የቀረው ፍሬን ሲግል ይደክማል፣ ዓባይ በረሃ ደግሞ ለስህተት ቦታ የለውም።

ስለ ጥገና ስናወራ ሆንዳ በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ሲጂ 125 ማንሳት ግድ ነው። ኩባንያው የታዳጊ አገር ባለሞተር ዘይት በሰዓቱ እንደማይቀይርና ከባድ ጭነት እንደሚጭን አይቶ ሞተሩን እንደገና ቀረጸው። ካምሻፍቱን ከሲሊንደሩ ራስ አውርዶ ታች አደረገና ቫልቮቹን በረጃጅም ዘንጎች አስገፋ። በዚህም ታይሚንግ ካቴና ቀረ፤ የሚረዝም፣ የሚንኳኳ፣ የሚበጠስ ነገር ተቀነሰ። ከፍ ባለ ዙር አይመቸውም፣ ድምፁም ትንሽ ይንኳኳል፣ ግን ይችላል። የቻይና ፋብሪካዎች ይህንኑ አሠራር ቀድተው በብዛት ያመርታሉ። ስለዚህ «ቻይና ነው» ብሎ ከማጣጣል በፊት ውስጡ የትኛው ሞተር እንዳለ መጠየቅ ይሻላል። የሥራው ጥራት ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፣ ንድፉ ግን ለእኛ ዓይነት መንገድ የታሰበ ነው።

ነዳጅ አሰጣጡም አለ። ካርቡራተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፣ ለቆላ የተለካውን ቤንዚን ደጋ ላይም ያፈሳል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይታፈናል፣ ገንዘብ በማርሚታ ይወጣል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ቀዳዳው ጠበብ ያለ ጂግለር ማስገባት። በኤሌክትሮኒክስ የሚረጨው ኢንጀክሽን ይህን ራሱ ያስተካክላል፣ በዚህ በኩል ይበልጣል። ግን ጥሩ ባትሪ፣ ደህና ሴንሰርና ንጹሕ ቤንዚን ይፈልጋል። ማደያ ደርቆ በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን በሚቀዳበት ቦታ ንጹሕ የሚለው ቃል ራሱ ያጠራጥራል። የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ጭራሽ አየር አይፈልግም፣ ከፍታው ጉልበቱን አይነካውም። እሱን ደግሞ የሚይዘው የመብራት አስተማማኝነትና ባትሪው በዳገት የሚያስኬደው ርቀት ነው።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው፦ አንድ ሲሊንደር፣ አራት ምት፣ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ከ125 እስከ 150 ሲሲ፣ ለደጋ የተስተካከለ ካርቡራተር። ፎቶ ላይ አያምር ይሆናል። ግን ቢቆም በቁልፍና በካቻቪቴ የሚነሳ፣ መለዋወጫው ደሴ ሳይኬድ ሊገኝ የሚችል ይህ ነው። ሻጮችም ከሲሲው ጎን ሞተሩ ጉልበቱን በስንት ዙር እንደሚሰጥ ይጻፉልን። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችንም ጂግለርን ለከፍታ መለካት እንደ ዋና ትምህርት ይስጡ፤ አንድ ሰልጣኝ ይህን ቢችል የብዙ ባለሞተርን ቤንዚን ያተርፋል።

እናንተም ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ አራት ነገር ጠይቁ፦ ጉልበቱ በስንት ዙር ይመጣል? ቁልቁለት ላይ ይይዛል? ለዚህ ከፍታ ተስተካክሏል? ቢበላሽ እዚሁ ማን ይሠራዋል? ሲሲው አምስተኛ ጥያቄ ይሁን።